ያገለገለ ላንድሮቨር ከመግዛታችን በፊት
(በጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ ንግግር)



ከእንቁላሉ፣ ከቅቤውና ከሽንኩርቱ ያጠራቀምነው ገንዘብ ከደጋፊዎቻችን እርዳታ ጋር ተደምሮ ያገለገለ ላንድሮቨር ለመግዛት ደርሷል። ከአምባሰል ገጠር ቀበሌዎች እህልና አትክልት አውርዶ ለውጫሌና ለሐይቅ ገበያ የሚያደርስልን መኪና ነው የምንፈልገው። አሮጌ መኪና ሞተሩ ቢደክም ይታደሳል። ሻንሲው በዝገት ካለቀ ግን ገንዘባችንም አብሮ አለቀ።

ሻጮች «ላንድሮቨር አይዝግም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። እንግሊዞች ይህን መኪና እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያወጡ፣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት በራሽን ስለነበር አካሉን ባብዛኛው ከአሉሚኒየም ሠሩት። አሉሚኒየም ቀይ ዝገት አያወጣም። ሻንሲው ግን ብረት ነው፤ ሞተሩን ከሹፌሩ የሚለየው ግድግዳም ብረት ነው። ስለዚህ አካሉ እያብረቀረቀ ሥሩ የተበላ ሊሆን ይችላል።

ሻንሲው እንደ ሣጥን ውስጡ ባዶ ነው። ጭቃና ውሃ ይገባበትና ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፤ በዓይን ብቻ አይታወቅም። ምጣድ ስንገዛ ምን እናደርጋለን? በጣታችን አንኳኩተን ድምፁን እንሰማለን። ይህም እንደዚያው ነው። በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ ስናደርገው ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። ያጠራጠረንን ቦታ በካቻቪቴ ጫን ብለን እንወጋለን። ሻጩ «አትንኩ» ካለ መልሳችንን አገኘን። በተለይ የኋላው አግዳሚ ብረት ጎማ የሚረጨውን ጭቃ ሁሉ ስለሚቀበል ቶሎ ይበላል። ሥሩ የተቃጠለ ዘይት ወይም አዲስ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ካገኘነው፣ ዘይቱ ለብረት መልካም ቢሆንም ቀዳዳም ይሸፍናልና ጠርገን እንይ።

ከዚያ ምንጣፉን አንስተን እግር ማሳረፊያውን እናያለን። ማግኔት ይዘን እንሂድ፤ ብረት መሆን ያለበት ቦታ ላይ ካልያዘ ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። በሩና ጣሪያው ላይ ባይዝ አንደንግጥ፣ አሉሚኒየም ነው። እንደ አቧራ ያለ ነጭ ነገር ከአሉሚኒየሙና ከብረቱ መገጣጠሚያ ከወጣ ግን ያም የራሱ ዝገት ነው።

መኪናው የት እንደሠራም እንጠይቅ። ደጋ የኖረና ጅቡቲ ወይም አፍዴራ ጨው ሲያመላልስ የኖረ አንድ አይደሉም።

በመጨረሻ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር በዓይናችን እናመሳክር። በ1881 ዓ.ም. እዚሁ ውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ሌላ፣ በጣሊያንኛ ሌላ እንደነበር ለእናንተ አይነገርም።

ደሴ የሚሄዱ ሁለት እህቶች ዛሬ ምረጡልን። በያጅም ይዘን እንሄዳለን። የተመረጣችሁ አሮጌ ልብስ ልበሱ፤ መሬት ላይ መተኛት አለ። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ግን ማንም እንዳትገባ፣ ጋራዥ ጉድጓድ ላይ ይቁም።