«ምንም የለውም» ከተባለ በኋላ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምነግራችሁ በቤቴ የደረሰውንና ከሐኪም የተማርኩትን ነው።

ባለፈው ዓመት የ9 ዓመት ልጄ ከኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ሲቲ ስካን ተነስቶ «ምንም የለውም» ተባልን፤ ተመስገን ብለን ተመለስን። ከዚያ በኋላ ግን ልጄ ሌላ ልጅ ሆነብኝ። ራሱን ያመዋል፤ መብራትና ጫጫታ ይረብሸዋል፤ በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል፤ ያጠናውን ይረሳል። አስተማሪው «ሰንፏል» አለኝ። ጎረቤት «ዓይን ነው» አለች። እኔም፣ እውነቱን ልናገርና፣ የቤት ሥራህን አልሠራህም ብዬ መታሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንደገና ስንሄድ ሐኪሟ አስረዳችኝ። ቀላል የአንጎል ጉዳት ብዙ ጊዜ በሲቲ ስካን አይታይም። አብዛኞቹ ልጆች በሳምንታት ውስጥ ይሻላቸዋል። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን እረፍት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ወደ ትምህርት። ኳስ ግን ሐኪም ሳይፈቅድ አይሆንም፤ ሳይድን ዳግመኛ ቢመታ ይብስበታል። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንዘፈዘፈው፣ አልነቃ ካለ ወይም ራስ ምታቱ ከባሰበት ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

የማውቀው ሥራ መመዝገብ ነውና ደብተር ከፈትኩ። ስንት ሰዓት ተኛ? መቼ አመመው? ስንት ደቂቃ አነበበ? 20 ደቂቃ ሲያነብ ራስ ምታቱ እንደሚነሳበት ከደብተሩ አየሁ። ለአስተማሪው አሳየሁት። «እኔ እኮ ስንፍና መስሎኝ ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየመሃሉ ያሳርፈው ጀመር፤ ፈተናውንም አዘገየለት።

የታመመው ልጄ ብቻ አልነበረም። ከሥራ ስቀር ደመወዜ ተቆረጠ፤ ታናሽ እህቱም ተረሳች። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዷ ትንሿን ልጄን ከትምህርት ቤት ታመጣልኝ ነበር። ማኅበሩም የብድር ክፍያዬን ሁለት ወር አራዘመልኝ። ደጋፊዎቻችን፣ በዓመቱ ሪፖርት «የዘገየ ክፍያ» ተብሎ ካያችሁት ውስጥ የእኔም አለበት። ለእኔ ግን ልጄን ያስታመምኩበት ጊዜ ነው።

ልጄ አሁን ደህና ነው። እህቶቼ፣ ልጇ እንዲህ የሆነባትን እናት «ምንም የለውም ተብሎ የለም እንዴ?» አትበሏት። «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» በሏት፤ ከቻላችሁም አንድ ከሰዓት አሳርፏት።