የመኪና ምርጫና የአምባሰል አፈር



ለገጠር ሥራ መኪና ስንመርጥ አስቀድመን የምንጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅና በአምባሰል ግን ክብደቱም ሊጠየቅ ይገባል። ተሳቢ የሚጎትት ከባድ መኪና በክረምት ከመንገድ ወጥቶ በራሰ ጥቁር አፈር ላይ ሲያልፍ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ውሃውም መስረጉን ትቶ የጎማውን ዱካ ተከትሎ ይወርዳል፤ ዱካው ቦይ፣ ቦዩም ቦረቦር ይሆናል። ወደ ሐይቁ ካዘነበለው ተዳፋት የተጠረገው አፈር መጨረሻው ሐይቁ ነው፤ ሐይቁም መውጫ ወንዝ ስለሌለው የተቀበለውን ደለል አሳልፎ አይሰድም።

ስለዚህ ላንድሮቨርም ሆነ ላንድክሩዘር፣ ለሥራው ከሚበቁት መካከል ቀላሉ ይመረጥ። ተሳቢ የግድ ሲሆን ጭነቱ ተከፋፍሎ በበጋ ይጓጓዝ። መንገዱ ሲጨቀይም በማሳ ላይ አዲስ ዱካ ከማውጣት ቀሪውን በበቅሎ መጨረስ ይሻላል፤ ያንን ማሳ ገበሬው በከርሞው ያርሰዋልና።