ጎረቤታችን አርጎባ
(በጀውሃ ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ተቅማጥ ለያዘው ሕፃኗ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከእኛ ወሰደች። ሠራተኛችን በአማርኛ አስረዳት፤ «እሺ» አለች። በማግሥቱ ቤቷ ስንደርስ በአንድ ሊትር ውኃ የሚበጠበጠውን እሽግ በአንድ ስኒ በጥብጣው አገኘናት። ለሕፃን እንዲህ የወፈረ ጨው አደገኛ ነው። ትልቁ ልጇ በአርጎብኛ ሲደግምላት ገባት፤ ሕፃኑም ተረፈ። በመዝገባችን ላይ ግን «ቋንቋ፦ አማርኛ» ብለን ጽፈንላት ነበር።

በሰንበቴ ገበያ አርጎባውን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። (ገበያው እሑድ ስለሚውል ብዙዎቻችሁ አታዩትም።) ነጋዴና ሸማኔ ነውና ለአማራው በአማርኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ ይመልሳል። የራሱን ቋንቋ ለቤቱ ያስቀምጣል፤ እሱም እየሳሳ ነው። በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ የተባሉት 62,831 ሲሆኑ፣ አርጎብኛ አፍ መፍቻቸው የሆነው 10,860 ብቻ ነበሩ። በሐረር በኩል ያሉት ወገኖቻቸው ቀደም ብለው ወደ ኦሮምኛ ዞረዋል።

አንዳንዶቻችሁ «የተበላሸ አማርኛ ነው» ስትሉ ሰምቻለሁ። አይደለም። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ እንዲያውም እኛ የጣልነውን ይዟል። እኛ «አንድ» የምንለውን እነርሱ «ሀንድ» ይላሉ። እኛ በጽሕፈት ብቻ የምንለየው ሐመሩ ሐ በሾንኬ ሽማግሌዎች ጉሮሮ ዛሬም ይሰማል።

እስልምናቸውን ግን እንደ ቋንቋቸው አልለቀቁም። የወላስማ ሱልጣኖች እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ድል አድርገው ይፋትን መናገሻ አደረጉ፤ ከሸዋ ሮቢት ብዙም ሳይርቅ ኖራ ላይ የጥንቱ መስጊድ ግድግዳ ቆሟል። የሾንኬው ሼህ ጀውሃር በወሎ ሁሉ የሚታወቁ ዐሊም ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች በአዋጅ ተጠመቁ መባላቸውም አልተረሳም። ስለዚህ እህል ወይም መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ክርስቲያን «በምን ዋጋ ነው?» ተብሎ ቢጠረጠር አትቀየሙ። በእደላ ቀን ስለ እምነት አንሰብክም፤ የተቸገረውንም ሃይማኖቱን አንጠይቅም።

ከመጪው ሰኞ ጀምሮ መዝጋቢዎች «አማርኛ ትችያለሽ?» ማለት ይቅርባችሁ። «እናትሽ በምን ታናግርሽ ነበር?» በሉ። አርጎብኛ ካለች፣ ከሰፈሯ አንዲት ሴት ጠርታችሁ በቋንቋዋ አስረዱ፤ ከዚያም እሷው በፊታችሁ ትበጥብጥ። የሊትር መለኪያውን ጆግ ከመጋዘን ውሰዱ።