«ኦሮማይ»ን አንብበነዋል ወይ?

(በመጽሐፍ ውይይታችን ላይ የቀረበ አጭር ንግግር። ላልተገኛችሁ እነሆ።)



የካቲት በመጣ ቁጥር ገጾቻችን በአንድ ሰው ፎቶ ይሞላሉ፤ በበዓሉ ግርማ። «ጀግናችን» እንላለን፣ ሻማ እንለጥፋለን፣ እናጋራለን። ጥሩ ነው። ግን እስቲ ዛሬ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ለራሴም ነው የምጠይቀው። ሰውየው የጠፋበትን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ያነበብን ስንቶቻችን ነን?

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። በዓሉ ኢሉባቦር ተወልዶ፣ ጄኔራል ዊንጌት ተምሮ፣ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ጋዜጠኝነት ያጠና ሰው ነው። አባቱ ሕንዳዊ ናቸው፤ የሱን አማርኛ ግን ስንቱ ይመኘዋል! «መነን»ን፣ «አዲስ ሪፖርተር»ንና «አዲስ ዘመን»ን አዘጋጅቷል። ከ«ከአድማስ ባሻገር» ጀምሮ ስድስት ልብ ወለዶች ጽፏል። በደርግ ዘመን ደግሞ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ልብ በሉ፣ የቤቱ ሰው ነው እኮ! ቢሮ አለው፣ ደመወዝ አለው፣ ስም አለው። ዝም ቢል ምንም አይቀርበትም ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅ በዓሉም አሥመራ ወረደ። ሥራው የዘመቻው ፕሮፓጋንዳ ነበር። ይዞ የተመለሰው ግን «ኦሮማይ»ን ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ ያውም በመንግሥት አሳታሚ፣ በኩራዝ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፀጋዬ ኃይለማርያም የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው። ለሕዝብ የሚያሳየው ድል ሌላ፣ ዓይኑ የሚያየው ሌላ። ከፊያሜታ ጋር የያዘው ፍቅርም፣ ናቅፋ ተራራ ላይ የሚረግፈው ወታደርም መጨረሻው አንድ ቃል ነው፤ ኦሮማይ። አበቃ፣ አለቀ እንደ ማለት ነው።

ከዚያስ? መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መኪናው ተገኘች፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። ቤተሰቡ አበባ የሚያኖርበት መቃብር እንኳ የለውም።

መጽሐፉን ግን ማጥፋት አልቻሉም። ማን አተረፈው? ተራ አንባቢ! በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበለ አተረፈው። ደርግ ወደቀ፣ «ኦሮማይ» ዳግም ታተመ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መስፍን ፈለቀ ይርጉና ዴቪድ ደጉስታ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት ለዓለም አንባቢ ደርሷል። ከ40 ዓመት በኋላ!

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በዓሉ ሀገሩን ይጠላ ነበር? በፍጹም። ያንን ወታደር ስለወደደው ነው ሞቱ በድል ዜና ሲሸፈን ዝም ብሎ ማየት ያቃተው። በዘመኑ ግን ጠላት ተደረገ።

እኛስ? ዛሬ ከኛው መሀል አንድ ደራሲ ተነስቶ መስማት የማንፈልገውን ቢጽፍ ምን እናደርገዋለን? ሐቁን እንነጋገር። ሁለት መስመር አንብበን «ባንዳ» አንለውም?

እኔ ብያለሁ። አንድ ልጅ ስለ ወገኑ የጻፈውን ረጅም ጽሑፍ ግማሹን እንኳ ሳላነብ ሰደብኩት። እናንተም ተከተላችሁኝ፣ ተረባረብንበት። በኋላ ረጋ ብዬ ሙሉውን ሳነበው ልጁ የሚያለቅሰው ለእኔው ወገን ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ስፈልገው ገጹን ዘግቶ ሄዷል። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

በዓሉን የሰወሩት ሥልጣን ነበራቸው። እኛ ሥልጣን የለንም፤ ጣት ግን አለን። በጣትም ሰው ዝም ይሰኛል።

ስለዚህ አደራዬ አንድ ነው። ፎቶውን ከመለጠፋችን በፊት መጽሐፉን እናንብብ። መግዛት ያልቻለ ይዋስ፣ ያለው ያውስ። አንብባችሁ ስትጨርሱ የከነከናችሁን ጻፉልን፤ ያልተስማማችሁበትንም ጭምር። በሚቀጥለው ስንገናኝ የምናወራው እሱን ነው። የማንስማማበትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ከቻልን፣ ያኔ በዓሉን አክብረነዋል።

ሀገራችን ሰላም ትሁን!