ሲምሽ በማን ስም ነው?

እህቶቼ፣ ዛሬ የማወራው ስለ ስልካችን ነው፤ ቲክቶኩን ትተን።

በ2019 በፈረንጅ፣ የቢቢሲ ዓረብኛ ጋዜጠኞች ኩዌት ውስጥ ሰዎች የቤት ሠራተኛን በስልክ አፕ እንደ ዕቃ ሲሸጡ አጋልጠዋል። ፎቶዋና ዋጋዋ ተለጥፎ፣ ገዢው በዘር ይመርጣል! በስልክ እኛን መሸጥ እንዲህ ቀላል ነው። ለእኛ መብት ሲሆን ግን ይከብዳል።

እዚህ ኳታር የኢቃማ ጉዳይ በሜትራሽ ነው የሚታየው፤ ታድሷል፣ አልታደሰም፣ ራስሽ ታያለሽ። ግን በራስሽ ኢቃማ የወጣ ሲም ይፈልጋል። እዚሁ አዚዚያ ስንቶቻችን ነን በማዳም ስም የወጣ ሲም የያዝነው? ሜትራሹ አይከፈትልሽም። ስትጣሉ ደግሞ መስመሩን ታዘጋዋለች።

የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 ካልተስማማሽ በቀር በቀን ከ10 ሰዓት በላይ አትሠሪም፣ በሳምንት አንድ ቀን ታርፊያለሽ ይላል። ከማርች 2021 ወዲህም ከ1000 ሪያል በታች ደመወዝ የለም። ለመክሰስ ግን የምታሳዪው ነገር ያስፈልጋል። ማታ ማታ የገባሽበትንና የጨረስሽበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ ጻፊ። ኮንትራትሽን ፎቶ አንሺና አገር ቤት ላኪ። «ስልኬን ቢቀሙኝስ?» ላላችሁኝ፣ የሚላከው ለዚሁ ነው።

አርብ መውጣት የምትችል ኢቃማዋን ይዛ ትምጣ፤ ሲም ለማውጣት አብረን እንሄዳለን። የማትችል በቮይስ ትንገረኝ።