የጠፋው ውኃ ወዴት ገባ?
(ስለ አሮጌ መኪና የማቀዝቀዣ ውኃ መጉደል በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት ጉዳይ ከቤተ መጻሕፍት ይልቅ ለጋራዥ የቀረበ ነው። ቢሆንም ከአዳማ ተነሥቶ በዴራና በኢተያ በኩል ወደ አሰላ የሚያወጣውን ዳገት በአሮጌ መኪና የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ኮፈኑ ተከፍቶ፤ እንፋሎቱ እየተትጎለጎለ፤ ሾፌሩም ጀሪካን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ያላየ ሰው ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ሾፌሩ ውኃውን ይሞላና ይሄዳል። በሳምንቱ ደግሞ ሌላ ጀሪካን ይሞላል። ውኃው ወዴት እንደ ሄደ ግን አይጠይቅም። ይኸ ጥያቄ ነው የዛሬው ንግግሬ።

ነገሩ የቀልድ አለመሆኑን አስቀድሜ ልናገር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ኮሮላዎች፤ ላዳዎችና ፔጆዎች በቀላሉ የሚተኩ አይደሉም። በእነዚህ መኪናዎች የሚተዳደር ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ከሞተሩ አንዱ ቴስታታ ቢጣመም የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ነው አብሮ የሚጣመመው። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ ሐኪም፤ ማለት አስቀድሞ በመመርመር እንጂ በመገመት ልንይዘው አይገባም።

በመጀመሪያ ደረጃ ስለ ከፍታ ላስታውሳችሁ። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ እንደሚፈላ በትምህርት ቤት ተምረናል። ዳሩ ግን እኛ በባሕር ጠረፍ አንኖርም። ከፍታው 300 ሜትር ያህል በጨመረ ቁጥር ውኃው የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ስለሆነ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ እዚህ በ94 ወይም በ95 ዲግሪ ይፈላል። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ነውና እዚያ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ወደ መተሐራ ብንወርድ፤ ማለት ከ1,000 ሜትር በታች፤ መፍያው ወደ 97 ከፍ ይላል፤ ነገር ግን የአየሩ ሙቀት ያንን ጥቅም መልሶ ይወስደዋል።

ታዲያ ሞተሩ ሁልጊዜ የማይፈላው ስለምንድን ነው? በራዲያተሩ ክዳን ምክንያት ነው። ክዳኑ ላይ ብዙ ጊዜ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ይኸውም በውስጡ ያለው ጸደይ ከውጭው አየር በላይ 0.9 ያህል ግፊት እስኪደርስ ድረስ ውኃውን አምቆ ይይዛል ማለት ነው። በዚህ ግፊት ውስጥ ያለ ውኃ በአዳማ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። እንግዲህ ክዳኑ ተራ መክደኛ አይደለም፤ ከሃያ ዲግሪ በላይ የሚያተርፍልን መሣሪያ ነው።

የንግግሬም ዋና ቁም ነገር ከዚህ ላይ ነው። የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ብትኖር የምታፈሰው ውኃ በቀን አንድ ሲኒ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ግፊቱ ግን ይጠፋል። የብዙ መኪና የኤሌክትሪክ ማራገቢያ የሚነሣው ከ90 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ግፊት የሌለው ሞተር አሰላ ሲደርስ ማራገቢያው ገና ሳይነሣ ውኃው መፍላት ሊጀምር ይችላል። «ራዲያተሩ ሙሉ ነበር፤ ለምን ፈላ?» የሚሉ ሾፌሮች እውነታቸውን ነው። የጎደለው ግፊቱ ነበር። የባሕር ጠረፍ አገር ሰው ትንሽ ፍሳሽ ይዞ ብዙ ወር ሊነዳ ይችል ይሆናል፤ እኛ ግን የከፍታ ልጆች ነንና ያ ዕድል የለንም።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የሙቀት መለኪያው የሚለካው የሚነካውን ውኃ ነው። ውኃው ጎድሎ የመለኪያው ጫፍ በባዶ ቦታ ከቀረ መርፌው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ ሊል ይችላል። ሾፌሩም ተደስቶ ይነዳል፤ ቴስታታው ግን ይቃጠላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የጠፋ ውኃ መንገዱ ሦስት ነው፤ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ወይም ወደ ሲሊንደር ገብቶ ከጢሱ ጋር ይወጣል፤ ወይም ከሞተሩ ዘይት ጋር ይቀላቀላል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ከሁሉ የበዛና ከሁሉ የረከሰ ነው። ብዙ መካኒኮች ግን ከመጨረሻው ይጀምራሉ። መኪናው ፈላ ሲባል ወዲያው «ቴስታታ ይውረድ» ይላሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ባለቤቱ መካኒኩን በትሕትና፤ «ጋሼ፤ ከመፈታቱ በፊት በግፊት እንፈትነው» ቢለው ነውር የለበትም፤ መልካም መካኒክም አይቀየምበትም።

ምርመራው የሚጀመረው ማለዳ፤ ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘ ጊዜ ነው። የጋለ ሞተር ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ማቃጠል ነውና ማንም አይሞክረው። ማታ ከመኪናው ሥር ደረቅ ካርቶን አንጥፉ፤ ጠዋት እርጥበቱ በየትኛው በኩል እንዳለ ይነግራችኋል። ከዚያ ጎማ ቱቦዎቹን በእጅ ጨምቁ። የተሰነጠቀ ወይም እንደ ሊጥ የለሰለሰ ይለወጥ። ቱቦው ከብረቱ ጋር በሚጋጠምበት ቦታ ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ካያችሁ ውኃው እዚያ እየወጣ በሙቀቱ ይደርቃል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለው ፍሳሽ ካርቶን ላይ አይታይም። የውኃ ፓምፑ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ፋብሪካው ሆን ብሎ ያበጃት ናት፤ የውስጡ ማኅተም ሲያረጅ በእርስዋ በኩል ያንጠባጥባል። ይህችን ቀዳዳ በማጣበቂያ የደፈነ ሰው አይቻለሁ። በሽታውን ትቶ ምልክቱን ገደለ! በመጨረሻም ከሾፌሩ አጠገብ ያለውን ምንጣፍ ዳብሱ። ከረጠበና ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ቀዳዳ አለው። አዳማ ማሞቂያ የሚከፍት ሰው ስለሌለ ይኸ ክፍል ይረሳል፤ ውኃው ግን በብዙ መኪና ውስጥ ሁልጊዜ በእርሱ ያልፋል።

ክዳኑንም አትርሱ። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተላጠ ግፊት አይዝም። መኪናው አድሮ ጠዋት ላይ የላይኛው ቱቦ ተጨፍልቆ ከተገኘ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ውኃ መልሶ የሚያስገባው የክዳኑ ትንሽ ባልቮላ ተጣብቋል። ክዳን መለወጥ ከሁሉ የቀለለ ወጪ ነው። ሲለወጥ ግን ቁጥሩ ከፊተኛው ጋር አንድ ይሁን፤ ቁጥሩ የበለጠ ክዳን ይሻላል ብሎ ባረጀ ራዲያተር ላይ ማድረግ ራዲያተሩን ማፈንዳት ነው።

በዓይን ካልተገኘ በግፊት ይፈለጋል። ለዚህ ሥራ የተሠራ የእጅ ፓምፕ አለ። የሌለው ጋራዥ በአሮጌ ክዳን ላይ የጎማ ባልቮላ አስገጥሞ፤ መለኪያ ባለው የብስክሌት ፓምፕ መሥራት ይችላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑ ላይ እስከ ተጻፈው ቁጥር ድረስ ብቻ ይነፋል፤ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ነው። መርፌው ካልወረደ ሥርዓቱ ደህና ነው። መርፌው ወርዶ ከውጭም ጠብታ ከታየ ቦታው ተገኘ። መርፌው ወርዶ ከውጭ አንዳች ካልታየ ግን ውኃው ወደ ውስጥ ገብቷልና አሁን ስለ ቴስታታ መጠርጠር ይገባል።

ለምን ቴስታታ? በብዙዎቹ መኪናዎች ሥረኛው የሞተር አካል ብረት ነው፤ በላዩ የተቀመጠው ቴስታታ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሙቀት የሚረዝመው ከብረት እጥፍ ያህል ነው። 40 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው ቴስታታ በ80 ዲግሪ ቢሞቅ ከ0.7 ሚሊሜትር በላይ ይረዝማል፤ ብረቱ ግን ግማሹን ያህል ብቻ። ይህን ልዩነት ተሸክሞ የሚኖረው በመካከላቸው ያለው ቀጭን ጋስኬት ነው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከፈላ ቴስታታው ይጎብጣል፤ ጋስኬቱም ይቃጠላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያፈስስ ሰው ደግሞ ስንጥቅ ይጨምርበታል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ቀዝቃዛ ሞተር ተነሥቶ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ፤ ያ ግፊት የሙቀት አይደለም፤ ከሲሊንደር የመጣ ነው። ክዳኑ እንደ ተከፈተ ሞተሩ ሲነሣ ውኃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ቢታይ እንደዚሁ ነው። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ሦስቱ ጠቁረው አንዱ ብቻ ታጥቦ እንደ አዲስ ከነጣ፤ ውኃ የሚገባበት ሲሊንደር እርሱ ነው። ዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ወተት የመሰለ ነገር ከታየ ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል፤ ሞተሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መነሣት የለበትም። ነጭ ጢስን በተመለከተ ግን መጠንቀቅ ይገባል። በአሰላ ብርድ ጠዋት ጤነኛ መኪና ሁሉ ነጭ ያወጣል፤ የሚያስፈራው ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጠው ነው።

ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚያስደስት አንድ ፈተና ደግሞ አለ። ብሮሞታይሞል ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲነካው ወደ አረንጓዴ፤ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ከራዲያተሩ አፍ ውኃው ጥቂት ይቀነስና ሞተሩ ይነሣል፤ ከውኃው በላይ ያለው አየር በጎማ ፊኛ እየተሳበ በፈሳሹ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ቢጫ ከሆነ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ውኃው ገብቷል። ውኃው ራሱ ከተሳበ ግን ፈተናው ይበላሻል። በእኛ አገር ደግሞ አንድ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ባይካርቦኔት ያለው ውኃ ደግሞ ሲሞቅ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ስለዚህ ሾፌሩ በመንገድ ላይ የጉድጓድ ውኃ ሞልቶ ከመጣ አስቀድሞ ያ ውኃ ወጥቶ በተጣራ ውኃ ይተካ። አለዚያ ጤነኛ ቴስታታ ያለ ጥፋቱ ሊፈረድበት ይችላል።

ስለ ማዝዳ ሮታሪ ሞተር የሚጠይቁኝ ስላሉ ጥቂት ልናገር። ፌሊክስ ቫንክል ያሰበው ይህ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመኑ ኤን.ኤስ.ዩ. ፋብሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ማዝዳ በኮስሞ፤ በኋላም በአር.ኤክስ. መኪናዎቹ አደረገው። ቴስታታ የሚባል ነገር የለውም። የብረትና የአሉሚኒየም ቁራጮች እንደ ሳንዱዊች ተደራርበው በረጃጅም ብሎኖች ይታሰራሉ፤ በመካከላቸው ውኃውን የሚያግደው በቦይ ውስጥ የተቀበረ የጎማ ቀለበት ነው። እሳቱ ሁልጊዜ በአንድ ጎን፤ በካንዴላዎቹ አጠገብ፤ ስለሚነድድ አንዱ ጎን ጋለ፤ ሌላው ጎን ቀዘቀዘ ይኖራል። አንድ ጊዜ ከፈላ ቀለበቱ ይጠበሳል፤ ውኃው ሲቆም ወደ ማቃጠያው ክፍል ይገባል፤ ጠዋት ሲነሣ ነጭ ጢስና በራዲያተሩ አፍ ላይ አረፋ ይታያል። እንግዲህ ሞተሩ ሌላ ቢሆንም ምርመራው ያው ነው፤ ክዳን፤ ግፊት፤ አረፋ፤ ካንዴላ። ልዩነቱ ሕክምናው ነው፤ ቀለበቱን ለመለወጥ ሞተሩ እንዳለ መፈታት አለበት።

ስለሚሞላው ውኃ አንድ ቃል። ከወንጂ እስከ ባቱ ባለው አገር የጉድጓድ ውኃ ጥርስን እንደሚያበልዝ ሁላችን እናውቃለን፤ ምክንያቱ ፍሎራይድ ነው። ለሞተር የሚያሰጋው ግን ከፍሎራይዱ ይልቅ ቅድም የጠቀስሁት ባይካርቦኔት ነው፤ ውኃው ሲሞቅ አልካላይነቱ ይጨምራል፤ አሉሚኒየምም አልካላይ አይወድም። የተሻለው ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውኃ ከኩላንት ጋር ግማሽ በግማሽ ተቀላቅሎ ነው። «አዳማ ውርጭ የለም፤ ኩላንት ለምን?» የሚለው ክርክር ከንቱ ነው፤ ኩላንት ዝገት ይከለክላል፤ መፍያውንም ጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ቀለሙ ግን ማስረጃ አይደለም። አሮጌውን ኩላንት ሜዳ ላይ አታፍስሱ፤ ስለሚጣፍጥ ውሾችና የጋሪ ፈረሶች ይልሱታል፤ መርዝ ነው።

ከጥገና በኋላ አየር በውስጡ እንዳይቀር የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ዞሮ፤ ማሞቂያው ተከፍቶ፤ ክዳኑ ሳይዘጋ ውኃው ቀስ እያለ ይሞላ። በፕላስቲኩ መያዣ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩና ለሰባት ቀን በየማለዳው ተመልከቱት።

በደጅ አንድ አሮጌ ኮሮላ ቆሟል፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ስላልተነሣ ቀዝቅዟል። የብስክሌቱ ፓምፕም ተዘጋጅቷል። ፈተናውን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ አሁን አብሮኝ ይውጣ።