ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ስለ ማስታወስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



የትምህርት ቤታችንን በዓል በምናከብርበት በዛሬው ቀን፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ አንድ ሰው ጥቂት ቃል እንድንናገር ተፈቅዶልናል። እኒህም ሰው በዘመናዊ ሕክምና ከሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። እርሳቸውን የመረጥንበት ምክንያት ሐኪም ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም። በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን ስንበተን «የተማርነውን ይዘን ለማን እንሠራለን?» የሚል ጥያቄ ስለሚጠብቀን ነው።

ሐኪም ወርቅነህ በጎንደር ተወለዱ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ተይዛ ዐፄ ቴዎድሮስ በሞቱ ጊዜ ገና ሕፃን ነበሩ። በዚያም ሁከት ከወላጆቻቸው ተለይተው ተገኙ። ኮሎኔል ቻምበርሊን የተባለ የእንግሊዝ መኮንን አንሥቶ ወደ ህንድ አገር ወሰዳቸው፤ እርሱም ከሞተ በኋላ ኮሎኔል ማርቲን የትምህርታቸውን ወጪ ቻለ። ስለዚህ ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ጨመሩ፤ ከዚያም በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ።

እስቲ ነገሩን እንመልከተው። እኒህ ሰው ስማቸው ተለውጧል፤ የእናታቸውን ቋንቋ ረስተዋል፤ ዘመድ አያውቁም። ሙያና ደመወዝ ግን አላቸው። «የማን ልጅ ነኝ?» ብለው ባይጠይቁ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ዳሩ ግን ከዓድዋ ድል በኋላ በ1891 ዓ.ም. አገራቸውን ፍለጋ መጡ። በአዲስ አበባ ድንኳን ተክለው፣ በአስተርጓሚ እየተነጋገሩ፣ በሽተኛ ያክሙ ጀመር። ወሬውን የሰሙ አያታቸውም መጥተው በሰውነታቸው ላይ በነበረው የልጅነት ጠባሳ ለዩአቸው። የጠፋው ልጅ ወርቅነህ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራቸው ብዙ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። አማርኛን ረስተው የመጡት ሰው፣ በ1920 ዓ.ም. ለተማሪ የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። ከዚህ የምንማረው፣ የጠፋ ነገር በትጋት የሚመለስ መሆኑን ነው። የጨርጨር ገዥም ሆነው አገልግለዋል። ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙ ነበር። እርሳቸው በዚያ ሲደክሙ፣ በእንግሊዝ አገር ተምረው የተመለሱት ሁለት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። ይህን ያህል ከፍለው ሳለ ከነጻነት በኋላ እንደ ገና ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በ1945 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

ውድ ወላጆቻችን፤ አንዳንዶቻችሁ «ልጄ ተምሮ ይርቀኛል» ብላችሁ እንደምትሰጉ እናውቃለን። ስጋቱም ከንቱ አይደለም፤ ትምህርት ከቀዬ ያርቃል። ከመካከላችን ወደ ሩቅ ከተማ፣ ምናልባትም ከባሕር ማዶ የምንሄድ እንኖራለን። ነገር ግን ሐኪም ወርቅነህን ያራቃቸው ጦርነት እንጂ ትምህርት አልነበረም። ትምህርትማ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን እንዳይሆኑ አደረጋቸው።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን፤ ያስተማራችሁንን የምንከፍልበት ገንዘብ የለንም። ሐኪሙ በድንኳን ሥራ እንደ ጀመሩ፣ እኛም ሁሉ ነገር እስኪሟላ ሳንጠብቅ ባገኘነው ቦታ እንድንጀምር ግን ቃል እንገባለን።

ታናናሾቻችን ሆይ፤ እኛ እንደ እርሳቸው የጠፋን ልጆች አይደለንም፤ ስማችንንም ቤታችንንም እናውቃለን። እናቶቻችን እኛን ለመለየት ጠባሳ መፈለግ የለባቸውም። ከብዙ ዘመን በኋላ ይህ ትምህርት ቤት ልጆቹን ሲፈልግ ግን በሥራችን ይለየን።